ያልተቆጠረ ወፍ ሲጠፋ ማን ያውቃል? የወፍ ቆጠራን ለነቀፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ተራ ሰዎች የሚያካሂዱትን የወፍ ቆጠራ የሚነቅፍ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደርሷል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ባለሙያ ያልሆነ ሰው የሚመዘግበው መረጃ ስህተት ስለሚበዛበት ሳይንስ አይባልም። ወፍ ማየት መኪናና ባይኖኩላር ያለው ሰው መዝናኛ ነው፤ የእኛን አገር ገበሬ አይመለከተውም። የተሰበሰበው መረጃ የሚሄደው ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። የብርቅዬ ወፎችን መኖሪያ በአደባባይ መጻፍ ለአዳኝ መንገድ ማሳየት ነው። በመጨረሻም፣ ቆጠራ አንዲት ወፍ አላዳነም፤ ለሱ የሚወጣው ገንዘብ ለፓርክ ስካውቶች ደመወዝ ቢውል ይሻል ነበር።

ጽሑፉ በቅን ልብ እንደተጻፈ አልጠራጠርም። ጸሐፊው ለወፎቹ ይቆረቆራሉ፤ ካነሷቸው ነጥቦች መካከል እኔም የምስማማባቸው አሉ። ነገር ግን በየዓመቱ ጥር ላይ ሐይቅ ዳር ቆመው የውሃ ወፍ ከሚቆጥሩት ፈቃደኞች አንዱ ነኝ። ጽሑፉን አንብቦ "ለካ ከንቱ ልፋት ነው" ብሎ ደብተሩን የሚያስቀምጥ ወጣት እንዳይኖር ሰግቻለሁ፤ ይህን የምጽፈው ለዚያ ወጣት ጭምር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስህተቱ ልጀምር፤ ከባዱ ጥያቄ እሱ ነውና። አዎ፣ ሰው ይሳሳታል። ስቴፕ የሚባለውን ንስር ታውኒ ከሚባለው መለየት ዕድሜውን ሙሉ ወፍ ሲያይ የኖረውን ሰው እንኳ ያስቸግራል። የመስቀል ወፍን ውሰዱ። አብዛኞቻችን በመስከረም ብቅ ብላ ወዲያው የምትሰወር አድርገን እናስባታለን። ወፉ ግን የትም አልሄደም። በክረምቱ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር የሚለብሰው ወንዱ ነው፤ የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ላባውን ቀይሮ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆንና ከሌሎች ጥቃቅን ወፎች ጋር ተቀላቅሎ ሲለቅም ዓይናችን ያልፈዋል። ልምድ የሌለው መዝጋቢ ይህን ወፍ በየካቲት ቆሞበት "የለም" ሊል ይችላል። ጸሐፊው የሚፈሩት እንዲህ ያለውን ነው፤ ሥጋታቸውም ተገቢ ነው።

ያልነገሩን ነገር ግን አለ። የዜጎች ሳይንስ፣ ማለትም ተራ ሰው መረጃ የሚሰበስብበት ጥናት፣ ሰው እንደሚሳሳት ከመጀመሪያው አውቆ የተሠራ ነው። በ2002 የኮርኔል የአእዋፍ ጥናት ተቋምና የአውዱቦን ማኅበር የጀመሩትን፣ ሰው ያየውን ወፍ በኢንተርኔት የሚመዘግብበትን ኢበርድ እንመልከት፤ ዛሬ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ምልከታዎች ተከማችተውበታል። መዝጋቢው ያየውን ወፍ ብቻ ጽፎ አይወጣም። በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ምን ያህል እንደተጓዘ፣ ከስንት ሰው ጋር እንደነበረ ይሞላል። ቀጥሎ፣ ለይተህ ያወቅከውን ወፍ ሁሉ አስገብተሃል ወይስ የመረጥከውን ብቻ? ተብሎ ይጠየቃል። ትንሽ የምትመስለው ይህች ጥያቄ ነገሩን ሁሉ ትለውጠዋለች። መልሱ "ሁሉንም" ከሆነ፣ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ወፍ በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ እንዳልታየ ይቆጠራል፤ አለመታየትም ራሱን የቻለ መረጃ ይሆናል። ለቦታው ወይም ለወሩ እንግዳ የሆነ ዝርያ ሲገባ፣ ወይም ቁጥሩ ከልክ ሲያልፍ፣ ሥርዓቱ መዝገቡን ያስቆመዋል። አካባቢውን የሚያውቅ ፈቃደኛ ገምጋሚ ለመዝጋቢው ጽፎ ፎቶ ወይም ዝርዝር መግለጫ ይጠይቃል። ካላሳመነው መዝገቡ ለጥናት ከሚሰጠው መረጃ ውጭ ይደረጋል።

ደግሞም ስህተት ሁሉ እኩል አይጎዳም። አንዱ አሳንሶ ሌላው አብዝቶ ቢቆጥር በሺህ መዝገቦች ውስጥ ይካካሳል። የማይካካሰው ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ነው። የእኛ አገር መዝገብ የሚበዛው አዲስ አበባ ዙሪያ፣ ደብረ ሊባኖስ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ባሌና ያቤሎ ነው፤ ማለትም ጎብኚ በሚሄድበት መስመር። ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ቤኒሻንጉል፣ ወደ ሶማሌ ክልል ስንሄድ መዝገቡ እየሳሳ ይመጣል። ጸሐፊው ይህን አንስተው ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬያቸው እጮህ ነበር፤ እውነተኛው ጉድለት ይህ ስለሆነ።

መድኃኒቱም በአፍሪካ ውስጥ ተሞክሯል። በደቡብ አፍሪካና በጎረቤቶቿ የመጀመሪያው የወፍ አትላስ፣ ማለትም የትኛው ወፍ የት እንደሚገኝ የሚያሳይ ካርታ፣ ከ1987 እስከ 1991 ተሠራ፤ ሁለተኛው በ2007 ተጀመረ። በሁለተኛው መሬቱ በግምት 9 ኪሎ ሜትር በ9 ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ተከፋፍሏል። ፈቃደኛው አንዱን ካሬ ይመርጣል፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት በትጋት ይመለከታል፤ እስከ አምስት ቀን ድረስ እየጨመረበት ወፎቹን ባየበት ቅደም ተከተል ይጽፋል። በዝርዝሩ ደጋግሞ ከላይ የሚወጣው ወፍ የተለመደ፣ ከታች የሚመጣው ወይም የሚቀረው ብርቅ መሆኑ ከዚያ ይወጣል። ካርታው ላይ ያልተሞላ ካሬ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ሰው ክፍተቱን ለመሙላት ወደማይሄድበት ይሄዳል። ኬንያም ከ2013 ጀምሮ በዚሁ ዘዴ የራሷን ካርታ እየሠራች ነው።

የፈቃደኞች መዝገብ በሌላ መሣሪያ ተፈትኖ ያውቃል ወይ? ለሚል ሰው ደግሞ ሰሜን አሜሪካን እጠቅሳለሁ። በ2019 የታተመ ጥናት ከ1970 ወዲህ አሜሪካና ካናዳ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ወፎችን እንዳጡ አሳየ። የጥናቱ ዋና መሠረት ከ1966 ጀምሮ ፈቃደኞች በየዓመቱ በተመሳሳይ መንገዶች ላይ እየቆሙ የቆጠሩት ነው። አጥኚዎቹ በዚያ ብቻ አልረኩም፤ የአየር ጠባይ መከታተያ ራዳሮች በሌሊት የሚሰደዱትን ወፎች የቀረጹትንም አዩ። ራዳሩም መቀነሱን አረጋገጠ።

ሥራው በእኛ አገር ምን እንደሚመስል ደግሞ በቅርበት ላሳይ። ቢሾፍቱ አጠገብ ጨለለቃ የሚባል ጥልቀት የሌለው ውሃ አለ። በጥር ማለዳ ፀሐይን ከጀርባችን አድርገን እንቆማለን፤ ፊት ለፊት ከሆነች ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ መስሎ ይታያል። ውሃው ላይ ያለው የይብራ መንጋ ሩቅ ነው፤ አንገቱን እየነከረ፣ ቦታ እየቀያየረ፣ አንዱ በሌላው እየተከለለ አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር አይቻልም። ስለዚህ ቆጣሪው ከመንጋው ጫፍ አሥር ወፍ በጥንቃቄ ይቆጥራል። አሥሩ የያዙትን ስፋት በዓይኑ ይይዝና ያንኑ ስፋት እየደጋገመ እስከ ማዶው ጫፍ ይሄዳል። መንጋው በጣም ከበዛ መለኪያው መቶ ይሆናል። ሌላው ቆጣሪ አጠገቡ ቆሞ ለብቻው ይቆጥራል። የሁለቱ ቁጥር ከተራራቀ መሀሉ አይወሰድም፤ ሁለቱም እንደገና ይቆጥራሉ። ውሻ ወይም ጭልፊት መጥቶ መንጋውን ካስነሳው ሥራው ከሀ ይጀመራል። ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያና ከሩሲያ የሚመጡትን፣ ክሬን የሚባሉትን ረጃጅም ወፎች የምንቆጥራቸው ግን በምሽት ነው፤ ቀን በታጨደ ማሳ ላይ ተበታትነው ሲለቅሙ ይውላሉ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ በረድፍ በረድፍ እየጮሁ ለአዳር ወደ ውሃው ይመለሳሉ፤ እያንዳንዱ ረድፍ ከማረፉ በፊት እዚያው አየር ላይ እያለ ይቆጠራል።

ይህ ቆጠራ በአፍሪካ ደረጃ ከ1991 ጀምሮ በየዓመቱ ጥር ላይ የሚደረግ ነው። ጥር የተመረጠው በምክንያት ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የመጡት ወፎች በዚያ ጊዜ ጉዟቸውን ጨርሰው ተረጋግተዋል፤ በእኛ በኩል ደግሞ በጋው ስለገፋ ውሃው ጥቂት ቦታ ላይ ይቀራል፣ ወፉም እዚያው ይሰበሰባል። ብዙ አገሮች በተቀራረቡ ቀናት ስለሚቆጥሩ ያው መንጋ በሁለት አገር የመቆጠሩ ዕድል ይቀንሳል። ከእነዚህ ክሬኖች መካከል በእስራኤል ሁላ ሸለቆ በኩል የሚያልፉ አሉ፤ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በመኸር የሚያዩት መንጋ ከሳምንታት በኋላ ቢሾፍቱ ወይም ጣና ዳር ሊያርፍ ይችላል። በመንገዱ አንድ ጫፍ ብቻ የሚቆጥር ሰው ወፉ ቦታ ለውጦ ይሁን ወይም አልቆ ሊያውቅ አይችልም።

ወፍ ማየት የሀብታም መዝናኛ ነው የሚለው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ አሳዝኖኛል። ባይኖኩላር ውድ መሆኑን አልክድም፤ በብዙ ወረዳ የስልክ ኔትወርክ አስተማማኝ አለመሆኑንም አውቃለሁ። ግን በዚህች አገር ወፍን ከማንም በላይ የሚያውቀው ማን ነው? ማሽላው ማሸት ሲጀምር ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ግሪሳ የሚከላከለው ልጅ አይደለም ወይ? መንጋው ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ የት እንደሚያድር፣ ዘንድሮ ከአምና ቀድሞ መምጣቱን ያውቃል። ግሪሳን ለማጥፋት በአፍሪካ በሰፊው የሚረጨው ፌንቲዮን የሚባለው ኬሚካል የሚገድለው ግሪሳን ብቻ አይደለም፤ የተመረዘውን ወፍ የሚበሉት ጉጉትና ጭልፊትም አብረው ያልቃሉ። የዚያ ልጅ እውቀት ተጽፎ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ቢደርስ፣ መርጨት ግድ ሲሆን እንኳ ማደሪያው ላይ ብቻ ተወስኖ ሊረጭ ይችላል፤ እዚያ ሌላ ምን ወፍ እንደሚያድርም አስቀድሞ ይታወቃል። ይህ ልጅ ባይኖኩላር የለውም። የሚጎድለው ግን ያየውን ቁም ነገር ብሎ የሚቀበለው ሰው ነው።

በርጋን ጸሐፊው ሳይሰሙ የሚቀሩ አይመስለኝም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም አካባቢ ያለ ረግረጋማ ሜዳ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በዓለም ላይ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዱ የሆነው ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴል በክረምት እዚያ እንደሚራባ ታወቀ። ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጥ፣ ሳር ውስጥ ተደብቆ የሚኖር፣ ከእግር ሥር ካልተነሳ በቀር የማይታይ ወፍ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ እንደሚራባ የተረጋገጠው በደቡብ አፍሪካ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በአውቶማቲክ ካሜራ የቅርብ ጊዜ ግኝት ነው። በርጋ ላይ የአካባቢው ነዋሪዎች ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆነው የወፉ ወዳጆች ቡድን አቋቋሙ። ወፉ እንቁላል በሚጥልበት ወቅት ከብት ወደ የትኛው ሜዳ እንዳይገባ፣ ሳሩ መቼ እንዲታጨድ የሚነጋገሩት ራሳቸው ናቸው። ለመንደሩ ትምህርት ቤትም ተሠራ። ጎጆው ያለበትን ሜዳ በየቀኑ የሚረግጠው እረኛ ነው፤ እሱ ያልተሳተፈበት ጥበቃ በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ክረምት አይዘልቅም።

ሀብታም ያልሆነ አገር ብዙ ሕዝብ አስተባብሮ ምን ሊሠራ እንደሚችል ሕንድ አሳይታለች። በ2020 ከ15,500 በላይ ሰዎች ባስገቧቸው ከ10 ሚሊዮን በላይ ምልከታዎች ላይ ተመሥርታ የ867 የወፍ ዝርያዎችን ሁኔታ ገመገመች። ውጤቱ የሕዝቡን ግምት ጭምር ያረመ ነበር። በመላ አገሪቱ "እየጠፋች ነው" ተብሎ የሚለቀስላት የቤት ድንቢጥ በትልልቅ ከተሞች ብትቀንስም በአጠቃላይ ብዙም እንዳልተለወጠች ታየ። ሰው ልብ ያላላቸው ሌሎች ዝርያዎች ግን በዝምታ እያሽቆለቆሉ ነበር። ጥቂት ገንዘብ ያላት አገር ገንዘቧን የቱ ወፍ ላይ ማዋል እንዳለባት የምታውቀው እንዲህ ነው።

መረጃው ወደ ውጭ ይሄዳል የሚለው ሦስተኛው ነጥብ እውነተኛ ቁስል ይነካልና በጥሞና መታየት አለበት። በ1990 ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ መንገድ ላይ ሞቶ ከተገኘ ወፍ አንድ ክንፍ ተወሰደ። በ1995 በዚያ አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ለሳይንስ ተመዘገበ፤ ክንፉ ያለው እንግሊዝ አገር ትሪንግ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። የአገራችንን ወፍ ለማየት የሌላ አገር መሳቢያ ማስከፈት እኔንም ያመኛል። ግን ይህን ያመጣው የትኛው አሠራር ነው? ጥቂት ባለሙያ ከሩቅ መጥቶ፣ ናሙና ወስዶ፣ በራሱ መጽሔት አሳትሞ የሚሄድበት የድሮው አሠራር ነው። የፈቃደኞች መዝገብ በአንጻሩ ለሁሉም የተከፈተ ነው። የኢበርድን ጥሬ መረጃ ለጥናት የሚፈልግ የባሕር ዳር ወይም የሐዋሳ ተማሪ ተመዝግቦ በነፃ መጠየቅ ይችላል፤ የሚሰጠውም ለሌላው ተመራማሪ የሚሰጠው ያው ነው።

ሆኖም ክፍት ነው ብሎ መተኛት አይበቃም። የመረጃው ቅጂ እዚህ መቀመጥ አለበት፤ ገምጋሚዎቹ አገሩን የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን መሆን አለባቸው። ኬንያ ካርታዋን የብሔራዊ ሙዚየሞቿ ተቋም ባለበት ነው የምታንቀሳቅሰው። ከ860 በላይ የወፍ ዝርያ ያላት፣ ከ1966 ጀምሮ የራሷ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ያላት፣ በ1996 ለወፎች ወሳኝ የሆኑ ወደ 70 የሚጠጉ ቦታዎችን ለይታ ያሳተመች አገር ይህን ማድረግ ያቅታታል ብዬ አላምንም። ጸሐፊው መረጃው ይወጣል ብለው ከቆጠራው እንድንርቅ ይመክራሉ። እኛ ከራቅን ግን የሚቀረው የጎብኚው መዝገብ ብቻ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ወፎች የሚነገረውም ጎብኚው በሁለት ሳምንት ያየው ይሆናል።

አራተኛውን ነጥብ፣ ብርቅዬ ወፍ ያለበትን ቦታ ማጋለጥ የሚለውን፣ በከፊል እቀበላለሁ። ጎጆ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ ነውር ነው። ወፏን ከተደበቀችበት ለማውጣት የተቀዳ ድምፅ በመራቢያዋ ወቅት ደጋግሞ ማጫወትም እንዲሁ፤ ወንዱ ባላጋራ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ትቶ ሲባዝን ይውላል። አስጎብኚዎቻችን ይህን ልማድ እንዲተዉ ጸሐፊው ያቀረቡትን ጥሪ እኔም በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። መመዝገቢያዎቹም ቢሆኑ በአደን ወይም በንግድ ለሚፈለጉ ዝርያዎች ትክክለኛውን ቦታ ከሕዝብ ይሰውራሉ።

ነገር ግን የኢትዮጵያን ወፎች እየጨረሰ ያለው አዳኝ አይደለም። ነገሌ ቦረና አጠገብ ያለውን የሊበን ሜዳ ተመልከቱ። እዚያ የሚኖረው የሊበን ላርክ ከአፍሪካ ዋና ምድር በታሪክ የመጀመሪያው የጠፋ ወፍ እንዳይሆን ተፈርቶለታል። ማንም አላደነውም። ሜዳው በአንድ በኩል ታረሰ፣ በሌላ በኩል በቁጥቋጦ ተወረረ፣ የተረፈው ከአቅሙ በላይ ተጋጠና ወፉ ጎጆ የሚደብቅበት ረጅም ሳር አጣ። አሁን ተስፋ የተጣለበት መፍትሔ የቦረና ሰው ከጥንት የሚያውቀው ካሎ ነው፤ ከከብት ተከልሎ ሳር እንዲያድግበት የሚደረግ መሬት። መሬት ለእርሻ ወይም ለፋብሪካ ሲመራ ውሳኔውን የሚፈርመው ኃላፊ እዚያ ምን እንደሚኖር በጽሑፍ ካላገኘ "ባዶ መሬት" ብሎ ይፈርማል። ለወፉ የሚያሰጋው ምስጢሩ መውጣቱ ሳይሆን፣ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ አለመኖሩ ነው።

የመጨረሻውና ጸሐፊው በጣም የተማመኑበት ነጥብ፣ ቆጠራ አንዲት ወፍ አላዳነም የሚለው ነው። እዚህ ላይ ታሪክ አይደግፋቸውም። በ1960 ገደማ እንግሊዝ ውስጥ የእሽቅድምድም ርግብ አርቢዎች ፔሬግሪን የሚባለው ጭልፊት በዝቶ ርግባችንን ፈጀው ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ፤ ሕጋዊ ጥበቃው እንዲነሳለትም ጠየቁ። መንግሥት ከመወሰኑ በፊት ይቆጠር ተባለ። በ1961 እና በ1962 ፈቃደኞች ወፉ ድሮ ይራባባቸው የነበሩትን ገደሎች አንድ በአንድ ዞሩ። ያገኙት የአቤቱታውን ተቃራኒ ነው፤ ከገደሎቹ ብዙዎቹ ባዶ ነበሩ፣ የወፉ ቁጥርም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከነበረው በእጅጉ ወርዶ ነበር። ምክንያቱ ሲፈለግ ዲዲቲንና መሰል የእርሻ መድኃኒቶች ላይ ተደረሰ። በ1967 የእንቁላሉ ቅርፊት መሳሳቱ የታወቀው ደግሞ ግለሰቦች ለዓመታት ሰብስበው ያስቀመጧቸው የድሮ እንቁላሎች ከአዲሶቹ ጋር ስለተመዛዘኑ ነው። መድኃኒቶቹ ደረጃ በደረጃ ታገዱ፤ ወፉ ተመልሶ በዛ። ያ ቆጠራ ባይደረግ ኖሮ፣ ሊጠፋ የቀረበ ወፍ "በዝቷል" ተብሎ ጥበቃው ይነሳበት ነበር።

የእስያ ጥንብ አንሳዎችም አሉ። በሕንድ ነጭ ጀርባ ያለው ጥንብ አንሳ ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ 99.9 በመቶ ቀነሰ። ይህ የታወቀው የቀድሞ ቆጠራ ስለነበረ ነው። ምክንያቱ ለከብት የሚሰጠው ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ መሆኑ ተደረሰበትና በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ታገደ።

በእኛም አገር ከ2014 እስከ 2019 በቄራዎች ላይ የተደረገ ክትትል ጥንብ አንሳዎቹ ሲቀንሱ የውሻው ቁጥር ከእጥፍ በላይ መጨመሩን አሳይቷል። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ ጥንቡ የውሻ ይሆናል፤ ውሻ ሲበዛ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ይከተላል። ይህ የወፍ ወዳጅ ብቻ ጉዳይ ነው የሚል ካለ፣ ቄራ አጠገብ የሚኖሩ ወላጆችን ይጠይቅ። በመላ አፍሪካ ዋነኛው የጥንብ አንሳ ገዳይ ጅብና አንበሳ ለመግደል ሥጋ ላይ የሚነሰነሰው መርዝ ነው፤ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ደግሞ የኤሌክትሪክ ምሰሶ አለበት። ምሰሶ ሥር ወድቆ የተገኘ ወፍ ቦታውና ቀኑ ተመዝግቦ ሲቀርብ የኤሌክትሪክ ኃይል ባለሙያ ሽቦውን የት መሸፈን እንዳለበት ያውቃል። የትኛው ምሰሶ እንደሆነ ካልታወቀ ግን በሺህ የሚቆጠር ምሰሶ መሸፈን ማንም አይችልም።

ገንዘቡ ለስካውት ይዋል ስለሚለው፣ መጀመሪያ ነገር ይህ አንድ ኪስ አይደለም። ፈቃደኛው የሚያወጣው የራሱን ታክሲና የራሱን እሑድ ነው፤ ቢቀር ለስካውት አይተርፍም። ስካውቶች የተሻለ ደመወዝ፣ ጫማና የዝናብ ልብስ እንዲያገኙ ጸሐፊው ያሉት ትክክል ነው፤ ለዚያ አብረን እንጩህ። ግን ስካውቱ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ማወቅ የለበትም ወይ? የአቢጃታና የሻላ ሐይቆች ያሉበትን ፓርክ ውሰዱ። ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ የውሃ ወፎች የሚራቡት ሰው በማይደርስበት የሻላ ደሴት ላይ ነው፤ ሻላ ግን ዓሣው ጥቂት ስለሆነ ለምግብ የሚሻገሩት ወደ ጎረቤቱ አቢጃታ ነበር። ወደ አቢጃታ የሚገባው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ የሐይቁም ውሃ ለፋብሪካ ሲሳብ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨው በዛበት፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኑ አሁን ለጫጩቱ ምግብ ፍለጋ ሩቅ መብረር አለበት። ስካውቱ ደሴቲቱን ሌት ተቀን ቢጠብቃት፣ አንድ ሰው እንኳ እንዳይረግጣት ቢያደርግ፣ ይህን ጉዳት አያቆመውም። የሚያቆመው ውሃውን የሚያከፋፍሉት መሥሪያ ቤቶች ፊት የሚቀርብ ዓመት በዓመት የተያዘ ቁጥር ነው።

ከጸሐፊው ጋር በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ መድረስ እንችላለን ብዬ አስባለሁ። ስካውቱ ራሱ ቆጣሪ ይሁን። በየቀኑ በዚያው መንገድ የሚመላለስ፣ የወንዙን ጠባይና የወፉን ድምፅ የሚያውቅ ሰው በአገሩ የተሻለ መዝጋቢ የለም። ባይኖኩላርና ደብተር ይሰጠው፤ ለሚጽፈው አበል ይታሰብለት፤ የጻፈውም መሳቢያ ውስጥ ከመቆለፍ ይልቅ በየሩብ ዓመቱ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ለማኅበሩና ለአቅራቢያው ዩኒቨርሲቲ ይድረስ። በአካባቢው መሬት ለኢንቨስትመንት ሲመራ ያ ደብተር ከአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ጋር ተያይዞ እንዲቀርብ በሕግ ደንብ ይወሰን። ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ለሚመለከታቸው ሲያቀርቡ ስሜን ከስማቸው በታች ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።